ግራውን አድርጊልን

እኔ ዛር ሰፈረበት፣ ጠቋር ያዘው፣ ጥላ ቆሞ አየሁ ሲሉኝ ሻይዬን ፉት እያልኩ «እሺ፣ ከዚያስ?» የምል ሰው ነኝ፣ ልቤ ግን ሰዓት እያየ ነው። ደብረ ታቦር ውስጥ ጂኦግራፊ ሳስተምር ፀጉሬ ሸብቷል፣ መብረቅ ለምን ዛፍ እንደሚመርጥ በጠመኔ ሳስረዳ ኖሬያለሁ፣ መምህራን ክፍል ውስጥ እንኳ የመንፈስ ወሬ ተጀምሮ እኔ ስገባ ያቋርጡታል፣ እንደምስቅ ስለሚያውቁ። እናም አሁን የምነግራችሁን ከሌላ ሰው ሰምቼው ቢሆን በጄ አልልም ነበር፣ እናንተም ባታምኑኝ አልቀየምም፣ ብቻ የሆነውን እንደሆነ ልንገራችሁ፣ ቅር ያለው ይተወው።

ነገሩ የመጣው በመርከብ ነው። አዎ፣ በመርከብ። ከጉና ሥር የምንኖር፣ ባሕርን በካርታ ብቻ የምናውቅ ሰዎች መርከብ ላይ የትኛው ጎን ይሻላል ብለን ስንመካከር ሰነበትን ብላችሁ ማን ያምነኛል? ባሕር ዳር ያለ አንድ የጉዞ ቢሮ ምእመናንን ወደ ግብፅ ገዳማት ሊወስድ ሰው ይመዘግብ ነበር፣ ከገዳማቱ በኋላ ደግሞ ከሉክሶር እስከ አስዋን በአባይ ላይ ሆቴል በሚያህል መርከብ መሄድ አለ፣ ማደሪያ ክፍሎቹ በግራና በቀኝ ተደርድረው፣ የሁሉም መስኮት ወደ ውሃው ነው። እኔ ያሰብኩት ለራሴ ነበር፣ ዕድሜ ልኬን ካርታ ላይ በጣቴ ስከተለው የኖርኩትን ወንዝ አንድ ቀን በዓይኔ ልየው ብዬ፣ ለእናቴም የነገርኳት እንዲያው ለጨዋታ ነው።

እናቴን አታውቋትም። ደብሬ ትባላለች፣ ባሕር ዳር እንኳ ሄዳ አታውቅም፣ ሐኪም ቤት ብላችሁ ብትለምኗት፣ ሠርግ ብላችሁ ብትጎትቷት አትሄድም፣ ምክንያቱም መንገዱ የጉማራን ድልድይ ያልፋል። ጉማራ አባቴን የወሰደ ወንዝ ነው።

እኔ ያኔ ገና አንቀልባ ላይ ነበርኩ፣ ስለዚህ የማውቀው እሷ የነገረችኝን ነው። ቤታችን ከጉማራ ወዲህ፣ ገጠር ነበር፣ አባቴ ደግሞ ወንዙን ተሻግሮ ሐሙሲት ገበያ ውሎ በበቅሎ ሲመለስ ነሐሴ ነው፣ ውሃው ጢም ብሎ ሞልቷል፣ ከወንዙ ማዶ ያሉ ሰዎች እባክህ እደር፣ ጎሽ አንተ፣ ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ ብለው ለመኑት፣ እሱ ግን የማድረው ቤቴ ነው ብሎ ገባ። በቅሎዋ ወደ ማዶው ዳር ተመልሳ ወጣች፣ እሱ አልወጣም። የኛ ሰዎች በወዲህኛው ዳር ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ እያሉ ወደ ታች እስከ ፎገራ ሜዳ ወረዱ፣ ምንም የለም። ማዶው ግን ውሃው እስኪጎድል አልተደረሰበትም፣ ከጎደለ በኋላም ማን ይፈልግ፣ በቅሎዋ ከዚያ ከወጣች እሱም ከዚያው ቀርቷል አሉና ያለ አስከሬን ፍትሐት ተደርጎ፣ ተዝካሩ ወጥቶ፣ ነገሩ አለቀ። ለሰው አለቀ ማለቴ ነው። እናቴ ግን ዕድሜዋን ሙሉ አንድ ነገር ስትል ኖራለች፣ እንጨት ስትሰብርም፣ ሽንኩርት ስትከትፍም፣ «ያ ዳር እኮ አልታየም» ትላለች።

እና መርከቡን ስነግራት ሥራዋን አቆመችና ጉማራ ወደ ጣና አይደል የሚገባ አለችኝ። አዎ አልኳት። ጣናስ በአባይ አይደል የሚወጣ፣ አባይስ ወደዚያ አይደል የሚሄድ አለችኝ። ወዴት እንደምትሄድ ገባኝና፣ እማ፣ በመሃል ስንት ግድብ አለ፣ በረሃ አለ፣ ስንት ዓመት አልፏል ብዬ እንደ ተማሪ ላስረዳት ጀመርኩ። እሷ እስክጨርስ ጠብቃኝ «ውሃው ያልፋል ወይስ አያልፍም?» አለች። ውሃውማ ያልፋል አልኳት።

«እንግዲያው እሄዳለሁ» አለች። «ያን ያልታየ ዳር አይቼው ልሙት። ባዶም ከሆነ ባዶነቱን ልየው።»

አያችሁ፣ እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚባለው ለእኔ ነው፣ ያን ቃል ከሰማሁ በኋላ በምድር ላይ ካሉት ሥራዎች ሁሉ አንዱ ብቻ ቀረኝ፣ እናቴን በትክክለኛው መስኮት አጠገብ ማስቀመጥ። ሌላው ተሳፋሪ ጎን የሚመርጠው ለፀሐይ መውጫና ለፀሐይ መግቢያ ነው አሉ፣ የጉዞ ቢሮው ሠራተኛ ህሊና እንዲህ ብላኛለች፣ ለዚህም ሰው ይጣላል ብላ ስቃለች። እኔ ፀሐይ ምን ያደርግልኛል፣ የምፈልገው ያልታየውን ዳር ነው።

ግራና ቀኝ ደግሞ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። እናቴ «ያ ዳር ግራ ነው፣ ግራውን በያት» ብላ ድርቅ አለች። መቀነቷን ተቀብዬ ወለሉ ላይ ከበሩ እስከ አልጋዋ ዘረጋሁት፣ ይኸ ወንዙ ነው፣ ጉና በሩ ጋ ነው፣ ግብፅ አልጋሽ ሥር ነው አልኳት። በእኔ ተደግፋ በሩ ጋ ቆማ ውሃው ወደሚሄድበት ስታይ እውነትም ያ ዳር በግራ እጇ ነው። ከዚያ አንዱን ኮንጎ ጫማዋን አነሳሁና አልጋው ጋ አስቀምጬ አፍንጫውን ወደ በሩ አዞርኩት፣ መርከባችን ግን ሽቅብ ነው የሚወጣው እማ፣ ፊቱ ወደ ጉና ነው፣ ስለዚህ ያ ዳር ለመርከቡ በቀኙ ይውላል አልኳት። ጫማውን አየች፣ መቀነቱን አየች፣ እጆቿን ገለበጠች፣ ገባት። ቀኝ መሆኑም ደስ አላት፣ «በቀኙ ያቁመን» ብላ አማተበች። በቃ፣ ቀኝ ተባለ፣ ተወሰነ። መቀነቱንና ጫማውን ማን ያነሳል፣ እዚያው ወለሉ ላይ ቀሩ።

በዚያው ቀን አመሻሹ ላይ ነው ለህሊና የደወልኩት። ሐምሌ ነው፣ ጀንበር ገና አልጠለቀችም፣ ዝናቡ ግን አጨልሞታል፣ መብራት እንደተለመደው ሄዷል፣ ኔትወርኩ ይመጣል ይሄዳል። ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን መስኮቱ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት፣ እናቴ ከጥጉ መደብ ላይ መቁጠሪያዋን ይዛ ተቀምጣለች። ቀኝ አድርጊልን አልኳት፣ እሺ ቲቸር አለች፣ ተቋረጠ። ትንሽ ቆይቶ መልእክት መጣ፣ የተያዘላችሁ ክፍል በግራ በኩል ነው ይላል። ደወልኩ፣ ምን ነካሽ፣ ቀኝ እኮ ነው ያልኩሽ አልኳት። ልጅቱ ተጨንቃ «ቲቸር ግራ ብለውኛል እኮ፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አለች። ቆም ብዬ ሳስበው ድምፅዋ ሲቆራረጥብኝ ግራ ገባኝ ብያለሁ፣ ግራ የሚለው ደርሷት ገባኝ የሚለው መንገድ ላይ ቀርቷል። ከት ብዬ ሳቅሁ፣ እሷም ሳቀች፣ እናቴ እንኳ ከጥጉ ፈገግ አለች። እንዳይዘጉት፣ አሁኑኑ እያስተካከልኩት ነው አለችኝ፣ እሺ ብዬ ጠበቅሁ።

እስኪ እዚህ ላይ በደንብ ስሙኝ። ስልኩን ክፍት አድርጌ ስጠብቅ ከስልኩ ውስጥ የውሃ ድምፅ ይሰማኝ ጀመር፣ ዝናብ አይደለም፣ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ እንዴት እንደሚጮህ ደብረ ታቦር ለኖረ ሰው አይነገርም፣ ይኸኛው ዝቅ ያለ፣ የሚያጉረመርም፣ ድንጋይ የሚያንከባልል ነው። ባሕር ዳርም ይዘንባል እንዴ ብዬ ጠየቅኋት። «ኧረ እኛ ጋ ፀሐይ ነው» አለች ህሊና፣ «ይኸ ድምፅ ከእርስዎ በኩል የሚመጣ መስሎኝ ነበር።» መስመሩ ነው፣ ኔትወርኩ ነው አልኩ ለራሴ፣ እመኑኝ፣ ያኔ ምንም አልመሰለኝም።

ወዲያው ደጅ ከአሸንዳው ሥር ያለው በርሜል ሲንጓጓ ሰማሁ፣ ሞልቶ ሊገለበጥ መስሎኝ ስልኩን እዚያው ጠረጴዛው ላይ እንደተከፈተ ትቼ ነጠላዬን ተከናንቤ ሮጥኩ። በርሜሉ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ግማሽ እንኳ አልሞላም። ትንሽ አየሁት፣ ገፋ አድርጌም ሞከርኩት፣ ከነውሃው ብቻዬን የማልነቀንቀው በርሜል ነው፣ ከዚያ ነፋስ ይሆናል ብዬ ገባሁ።

ስገባ መጀመሪያ ያገኘኝ ሽታው ነው። ወንዝ ሞልቶ ሲወርድ የሚያመጣው ሽታ አለ፣ ደለልና የተነቀለ ሣር፣ የከብት እበትም አለበት፣ ገጠር ያደገ ያውቀዋል፣ ከተማ መሃል ያለ ቤት ውስጥ ግን ምን ይሠራል? እናቴ ዓይኗን ጨፍና መቁጠሪያዋን እየቆጠረች ነው፣ ከመደቡ ንቅንቅ አላለችም፣ ልነሳ ብትልም ጉልበቷን ስለሚያማት እኔ ካልደገፍኳት አትነሳም። ጫማው ግን ዞሯል። አፍንጫውን ወደ በሩ አድርጌ ያስቀመጥኩት ኮንጎ ጫማ አሁን አፍንጫው ወደ አልጋው ነው፣ ውሃው ወደሚሄድበት ማለት ነው፣ መቀነቱንም ጎንበስ ብዬ ብነካው ወዲህኛው ጠርዙ ከጫፍ እስከ ጫፍ ርሷል። ወዲያኛው ጠርዝ ደረቅ ነው። ጣሪያው ያፈስ ይሆናል ብዬ ቀና አልኩ፣ ጣሪያው አያፈስም። በእግሬ ጫማውን ገፍቼው ይሆናል፣ ነጠላዬ አንጠባጥቦ ይሆናል፣ ይኸን ሁሉ አሰብኩ፣ የማስበውም ጮክ ብዬ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው።

«ቲቸር መጡ?» አለች ህሊና ከስልኩ። «በሉ እንግዲህ ጨርሻለሁ፣ ግራውን አድርጌላችኋለሁ።»

እኔ ተናደድኩ፣ በእውነት ነው የምላችሁ፣ ከፍርሃቱ ንዴቱ ቀደመኝ። አንቺ ልጅ ምን ሆነሻል፣ ቀኝ፣ ቀኝ፣ ቀኝ፣ ስንት ጊዜ ልንገርሽ አልኳት።

«እኔማ ቀኝ አድርጌው ነበር» አለች፣ ቅር ብሏት። «አሁን አባትዎ ናቸው ግራ ያሉኝ።»

«ማን?»

«አባትዎ ናቸዋ። እርስዎ ሲወጡ ስልኩን ያነሱት። ልጄ፣ ግራውን አድርጊልን፣ አዝመራን በእኔ በኩል አድርጊልኝ አሉኝ። እኔም እሺ አባ አልኳቸው። ግን ቲቸር፣ አዝመራ ማን ናት? በላኩልኝ መታወቂያ ላይ እርስዎና ወይዘሮ ደብሬ ብቻ ናችሁ። ሦስተኛ ሰው አለ እንዴ?»

አሁን አንድ ነገር ላስረዳችሁ። በእኛ አገር ሙሽራ ባሏ ቤት ስትገባ አማቶቿ ሌላ ስም ያወጡላታል፣ የሙሽራ ስም ነው፣ የሚጠራትም የባሏ ቤት ብቻ ነው፣ መታወቂያ ላይ አይገባ፣ ጎረቤት አያውቀው። እናቴ የገባችው አጨዳ ላይ ስለነበር አዝመራ አሏት። የአባቴ ወላጆች ካለፉ ቆይተዋል፣ ከእነሱ ወገን የቀረ የለም፣ እኔ ራሴ ስሙን የማውቀው አንድ ቀን እሷው ሲያመልጣት ሰምቼ ነው። ህሊና ከባሕር ዳር ሆና ከየት ታመጣዋለች?

ስልኩን ልዘጋው እጄን ስሰድ እናቴ ተነስታለች። ያለ ምርኩዝ፣ ያለ እኔ፣ ቀጥ ብላ ቆማለች። ድምፁ ከፍ ብሎ ነበርና ሁሉንም ሰምታለች። የደነገጠች አትመስልም፣ ማን ነው እንኳ አላለችም። ወደ ስልኩ ተጠግታ «ልጄ» አለች፣ «ግራ ነው ያለሽ? በደንብ ሰምተሻል?» ህሊናም አዎ እማማ፣ ሁለት ጊዜ ነው የደገሙልኝ አለቻት። እናቴ እግዜር ይስጥልኝ ብላ ዞረችና መቀነቱ ላይ ቆመች። ጫማውን በእግሯ መልሳ ወደ በሩ አዞረችው፣ ሽቅብ። ግራ እጇን ዘረጋች። እጇ የወደቀው በዚያ ባልታየው ዳር ላይ አይደለም፣ በእኛው ዳር ላይ ነው፣ በወዲህኛው፣ ሰው ሁሉ ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ በፈለገው፣ መቀነቱ በራሰበት በኩል።

እኔ እማ ተቀመጪ አልኩ፣ ውሃ ላምጣልሽ አልኩ፣ የማይረባ ነገር ሁሉ አልኩ።

«ተሻግሮ ነበር» አለች። «በእኛ በኩል ወጥቶ ነበር።»

ኔትወርክ ነው ልበል? ልጅቱ ተሳስታ ነው ልበል? ከዚያ ነው ቀና ብላ ያየችኝ፣ ዓይኗ ላይ እንባ የለም፣ ሌላ ነገር ነው ያለው፣ እስከዛሬ አይቼባት የማላውቀው ቅያሜ።

«ከተሻገረማ ለምን ቤቱ አልመጣም?»

በነጋታው ያለ የሌለ ምክንያት ሁሉ ስፈልግ ዋልኩ፣ ያው እኔ ነኝ። የጎረቤት ሬዲዮ ይሆናል ብዬ ሄጄ ጠየቅሁ፣ መብራት በሌለበት ምን ሬዲዮ አሉኝ። እናቴ እንቅልፍ ወስዷት ቃዥታ ይሆናል፣ ድምፅዋ ወፍራም ነው፣ በስልክ ወንድ ትመስላለች፣ እንዲያውም ይኸኛው ልቤን አሳርፎት ነበር። ግን ለማረጋገጥ ከትምህርት ቤት ሆኜ ለህሊና ደወልኩላትና የሰማሽው የእናቴ ድምፅ አይደለም ወይ አልኳት። እናትዎንማ ትናንት አነጋግሬያቸው የለም ወይ፣ እሳቸው አይደሉም አለች። ሽማግሌ ነበር ወይ አልኳት። ትንሽ አሰበችና ኧረ አይደሉም፣ አባትዎ ናቸው ያልኩት ልጄ ስላሉኝ ነው እንጂ ድምፃቸውስ የጎልማሳ ነው፣ ከእርስዎም የሚያንሱ ነው የሚመስሉት አለች። አባቴ ጉማራ ሲገባ እኔ አሁን ካለሁበት ዕድሜ በጣም ያንስ ነበር። ይኸን ለህሊና አልነገርኳትም። እሷ ግን እኔን ላለማስከፋት እየተጠነቀቀች፣ እና ቲቸር፣ ክፍሉን ወደ ቀኝ ልመልሰው ወይስ ይቆይ አለችኝ።

ማታ ለእናቴ እንቅር አልኳት። በሕይወቴ የያዝኩትን ነገር ልልቀቅ ብዬ ለመንኩ፣ መጀመሪያዬ ነው። አልሰማችኝም። አርባ ቀን የምትጾም እንጂ ያለችውን የምትሽር ሴት አይደለችም፣ እልኩን ከአባቴ ብቻ የወረስኩ ይመስለኝ ነበር፣ ተሳስቻለሁ።

«ግራው ይሁን» አለች። «እሱ ያለበትን ነግሮኛል። ሄጄ እጠይቀዋለሁ።»

እና እንሄዳለን። ጉዞው ከመስቀል በኋላ ነው፣ ሻንጣ ተዘጋጅቷል፣ ባሕር ዳር ላለ ሐኪም እንኳ አልሻገረውም ያለችውን የጉማራ ድልድይ አሁን መቼ ነው የምናልፈው እያለች ትጠይቀኛለች፣ ክፍላችን በግራ በኩል ነው፣ መስኮቱ አጠገብ የምትተኛው እሷ ናት። እኔም አሁንም በዛርና በጥላ አላምንም፣ ተማሪዎቼ ቢጠይቁኝ ያንኑ ነው የምነግራቸው፣ መቀነቱ ለምን በአንድ ጠርዝ ብቻ እንደራሰ ግን እስካሁን አላገኘሁትም፣ እያሰብኩበት ነው።

እናቴ ግን የምትጠይቀውን ትለማመዳለች። ከመተኛታችን በፊት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ አባቴን ራሱን ስታናግር አንቱ ስለምትል፣ «ተሻግረው ነበር ወይ? ታዲያ ቤትዎን አጡት?» ትላለች፣ ከዚያ ሰው መልስ ሲጠብቅ እንደሚያደርገው ዝም ትላለች፣ እኔም ከወዲህኛው አልጋ ሆኜ እስክትተኛ እጠብቃለሁ። እስከ ትናንት ድረስ እንዲሁ ነበር። ትናንት ግን ጠየቀች፣ ዝም አለች፣ ከወትሮው ረዘም አድርጋ ዝም አለች፣ ከዚያ ቀስ ብላ «እሺ» ስትል ሰማኋት።